ትልቁ ፖታሲየም ያልፋል፣ ትንሹ ሶዲየም ይቀራል፤ እንዴት?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ሴል ሽፋን ሳስተምር፣ እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ ቻርጅ ያላቸው አዮኖች በሽፋኑ ውስጥ በቀጥታ ማለፍ ስለማይችሉ በአዮን ቻናል (ሽፋኑን በሚያቋርጥ የፕሮቲን መተላለፊያ) በኩል እንደሚያልፉ፣ ቻናሉም እንደ ወንፊት እየመረጠ እንደሚያሳልፍ ተናገርኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሶዲየም ከፖታሲየም ያንሳል አይደል? ታዲያ ትልቁን የሚያሳልፍ ወንፊት ትንሹን እንዴት ያስቀራል?» አለችኝ። ነገ እመልስልሻለሁ ብዬ ወጣሁ። ምን ልበላት?

ምላሽ፦

መምህር፣ ከሁሉ በፊት ተማሪዋ ልክ መሆኗን ይንገሯት። ትልቁን አሳልፎ ትንሹን የሚያስቀር ወንፊት የለም። ስህተቱ ያለው ወንፊቱ ላይ ነው እንጂ እሷ ላይ አይደለም። ጥያቄዋ ቀላል እንዳይመስልዎት። የዘርፉ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ተከራክረውበታል፤ መልሱ በምስል የታየውም በ1998 ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አጭሩ መልስ ይኸውልዎት። አዮኑን የሚያሳልፈው ወይም የሚያስቀረው የቀዳዳው ስፋት አይደለም። አዮኑ ከውሃ ለመለየት የሚከፍለው የኃይል ዋጋ ነው። የፖታሲየም ቻናል ይህን ዋጋ ለፖታሲየም ይተካለታል። ለሶዲየም ግን አይተካለትም። በቃ ይኸው ነው። ረጅሙን መልስ ከፈለጉ ደግሞ ከውሃው እንጀምር።

ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ «ሽፋኑ ቅባት ስለሆነ ቻርጅ ያለው ነገር አያልፍም» ብለን እንሄዳለን። ለምን አያልፍም? አዮን ውሃ ውስጥ ብቻውን አይሄድም። የውሃ ሞለኪውል በኦክስጅኑ በኩል ትንሽ ኔጋቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ትንሽ ፖዘቲቭ ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው። ስለዚህ የውሃ ሞለኪውሎቹ ኦክስጅናቸውን ወደ አዮኑ አዙረው ይከቡታል። አዮኑ በሄደበት ሁሉ ይህ የውሃ አጀብ አብሮት ነው። አንዱ ሞለኪውል ሲለቅ ሌላው ይተካል እንጂ አዮኑ ያለ አጀብ አይታይም።

አጀቡን ማስለቀቅ ከባድ ነው። አንድ ሞል ፖታሲየም ከውሃ አውጥቶ ባዶ ቦታ ላይ ለማስቀመጥ 300 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። በሰውነታችን ሙቀት ሞለኪውሎች እርስ በርስ ሲላተሙ የሚያገኙት ኃይል ደግሞ በሞል 2.5 ኪሎጁል አካባቢ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አይገናኙም። የሽፋኑ የቅባት ክፍል ውፍረቱ 3 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለአዮን ግን እንደ በረሃ ነው። ኦክስጅኑን አዙሮ የሚቀበለው የለም። ሰዎች ብዙ ጊዜ ሽፋኑ አዮኑን የሚገፋው ይመስላቸዋል። ሽፋኑ አይገፋውም፤ ውሃው ነው የማይለቀው። ምንም ፕሮቲን የሌለበት ንጹህ የቅባት ሽፋን በቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ ውሃ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ይልቅ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ያህል በቀለለ መንገድ ያልፍበታል።

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንምጣ። የሶዲየም ራዲየስ 0.095 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የፖታሲየም 0.133። ቻርጃቸው እኩል ነው። ስለዚህ ውሃዎቹ ወደ ትንሹ አዮን ይበልጥ ይጠጋሉ፤ ሲጠጉም ይበልጥ ይጠብቃሉ። በዚህ የተነሳ ሶዲየምን ከውሃ ለመለየት ከፖታሲየም ይልቅ በሞል 70 ኪሎጁል ያህል ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል። አጀቡን መተው የሚከብደው ለትንሹ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መልስ አለ። ብዙ የማስተማሪያ መጽሐፍ «ሶዲየም ውሃውን ሲጨምር ከፖታሲየም ይበልጣል፤ ስለዚህ አያልፍም» ይላል። መነሻው እውነት ነው። ሶዲየም ከነውሃው ይበልጣል። ነገር ግን ይህ መልስ ወንፊቱን በጓሮ በር መልሶ ማስገባት ነው፤ ለእኔ አያጠግበኝም። የፖታሲየም ቻናል ጠባቡ ቦታ 0.3 ናኖሜትር ያህል ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል ብቻውን 0.28 ናኖሜትር ይሆናል። እንግዲህ በውሃ የተከበበ አዮን፣ ሶዲየምም ይሁን ፖታሲየም፣ እዚያ አይገባም። ሁለቱም አጀባቸውን በር ላይ መተው አለባቸው። ከተዉት በኋላ ደግሞ ሶዲየም እንደገና ትንሹ ነው። ጎበዝ ተማሪ ይህን ደርሳ ትይዝዎታለች፤ የእርስዎዋ የምትይዝ ትመስላለች።

ቻናል የሚባል ነገር መኖሩ ራሱ ለረጅም ጊዜ ግምት ነበር። በ1952 አለን ሆጅኪንና አንድሪው ሀክስሌ ስኩዊድ በሚባለው የባሕር እንስሳ ግዙፍ ነርቭ ላይ የሠሩትን አሳተሙ። ያ ነርቭ በጣም ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ሽቦ ማስገባት ይቻላል። ውጭ ያለውን ሶዲየም አውጥተው ኮሊን በሚባል ነገር ሲተኩት፣ መጀመሪያ ወደ ውስጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ጠፋ። ቆይቶ ወደ ውጭ የሚፈሰው ግን አልተነካም። ስለዚህ ሶዲየምና ፖታሲየም የየራሳቸው መንገድ አላቸው ማለት ነው። መንገዱ ምን እንደሚመስል ግን አያውቁም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሆጅኪን ከሪቻርድ ኬይንስ ጋር ራዲዮአክቲቭ ፖታሲየም ተጠቅሞ ሌላ ነገር አገኘ። አዮኖቹ የሚያልፉት ጎን ለጎን ሳይሆን በአንድ መስመር ተሰልፈው ነው። ቀዳዳው ውስጥም በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አዮን አለ። ይህቺን ነገር ይያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

በ1976 ኤርቪን ኔሄርና በርት ሳክማን ቀጭን የመስታወት ቱቦ በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ አስጠግተው የአንድ ቻናል ኤሌክትሪክ ለኩ። በመሣሪያው ላይ የታየው መስመር ድንገት ወደ አንድ ደረጃ ይዘላል፣ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ ተመልሶ ይወርዳል። አንድ ሞለኪውል ሲከፈትና ሲዘጋ ማለት ነው። የሚለካው ፒኮአምፒር ነው፤ ትንሽ ይመስላል። አንድ ፒኮአምፒር ግን በሰከንድ ስድስት ሚሊዮን አዮን ነው። አዮን ይዞ እየተገላበጠ የሚያሻግር ፕሮቲን በዚህ ፍጥነት መሥራት አይችልም። ቀዳዳ ብቻ ነው የሚችለው። ሁለቱ ሰዎች በ1991 ኖቤል ተሸልመዋል።

እስከዚያ ድረስ መራጩን ክፍል ያየው አልነበረም። በርቲል ሂሌና ክሌይ አርምስትሮንግን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ግን ገና በ1970ዎቹ፣ ሳያዩት፣ ውስጡ ኦክስጅን የተደረደረበት ጠባብ ቦታ መኖር አለበት ብለው ነበር። የውሃውን ቦታ የሚተካው እሱ ነው ሲሉ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው። መለኪያና ወረቀት ይዞ የማይታየውን እንዲህ አስጠግቶ መገመት!

ያየው ሮደሪክ ማኪነን ነው። ሐኪም ሆኖ ሠልጥኖ ሕክምናውን ትቶ ወደ ምርምር የገባ ሰው ነው። የሰው ቻናል በብዛት አምርቶ ክሪስታል መሥራት አስቸጋሪ ስለነበር፣ አፈር ውስጥ ከሚኖር ስትሬፕቶማይሲስ ሊቪዳንስ ከሚባል ባክቴሪያ የፖታሲየም ቻናል ወሰደ። በ1998 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ቡድኑ ምስሉን አወጣ። በ2001 ደግሞ ይበልጥ የጠራውን። የ2003ን የኬሚስትሪ ኖቤል የውሃን ቻናል ካገኘው ከፒተር አግሬ ጋር ተካፍሏል።

ምስሉ ይህን ያሳያል። አራት አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች ክብ ሠርተው ቆመዋል። በመካከላቸው መተላለፊያ አለ። ከሴሉ ውስጥ የተነሳ ፖታሲየም መጀመሪያ አንድ ናኖሜትር ያህል ሰፊ የሆነ፣ ውሃ የሞላበት ክፍል ያገኛል። እዚህ ድረስ ከነአጀቡ ነው የሚመጣው። ልብ ይበሉ፣ ይህ ክፍል ያለው ሽፋኑ መሐል ላይ ነው፤ አዮን መሆን በጣም በሚከብደው ቦታ። ቻናሉ እዚያ ድረስ ውሃ አስገብቶለታል። ከዚያ በኋላ 1.2 ናኖሜትር ርዝመት ያለው ጠባቡ ቦታ ይመጣል። ፊልተር ይሉታል። እዚያ የፕሮቲኑ የጀርባ ሰንሰለት ኦክስጅኖች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረዋል። ለፖታሲየም የሚሆኑ አራት ማረፊያዎች በተርታ አሉ። በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ አዮኑ በስምንት ኦክስጅን ይከበባል፤ አራቱ ከላይ፣ አራቱ ከታች።

በ2001ዱ ምስል ላይ፣ በሰፊው ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ፖታሲየም ከነውሃው ይታያል። ስንት ውሃ ከቦታል? ስምንት። አራቱ ከላይ፣ አራቱ ከታች። ቻናሉ የውሃውን አጀብ በራሱ ኦክስጅን አስመስሎ ሠርቶታል። ፖታሲየም ውሃውን ትቶ ሲገባ የሚያጣው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዋጋው ተተካለት።

ሶዲየም ሲመጣስ? እሱም በር ላይ ውሃውን መተው አለበት። ውስጥ የሚያገኛቸው ኦክስጅኖች ግን በፖታሲየም ልክ ተራርቀው የቆሙ ናቸው። ወደ እሱ ተጠግተው ውሃው ይይዘው በነበረው ልክ አይይዙትም። ብዙ ከፍሎ ጥቂት ያገኛል። ስለዚህ ከውሃው ጋር ይቀራል። ቀዳዳው ጠቦት ሳይሆን ትርፉ አልታየው ብሎ ነው። በዚህ ምክንያት ፖታሲየም ከሶዲየም ቢያንስ 10 ሺህ ጊዜ በቀለለ መንገድ ያልፋል። መራጩን ክፍል የሚሠሩት አሚኖ አሲዶች ትሪዮኒን፣ ቫሊን፣ ግላይሲን፣ ታይሮሲንና ግላይሲን ናቸው። ይህ ቅደም ተከተል ከባክቴሪያው አንስቶ እስከ እኔና እርስዎ ልብ ድረስ እምብዛም ሳይለወጥ ይገኛል።

ለክፍልዎ ይህ ይበቃል። ለእርስዎ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ክርክሩ እዚህ አላበቃም። ፕሮቲን ድንጋይ አይደለም፤ ይወዛወዛል። የሁለቱ አዮኖች የራዲየስ ልዩነት 0.04 ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። የፕሮቲን አቶሞች ደግሞ ቆመው ሳይሄዱ ከዚህ በላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ታዲያ ኦክስጅኖቹ ተጠግተው ሶዲየምን ቢይዙትስ? በ2004 የቤንዋ ሩ ቡድን በኮምፒውተር ስሌት ሲያየው፣ ኦክስጅኖቹ ራሳቸው ኔጋቲቭ ስለሆኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ትንሹን አዮን ለመክበብ መጠጋጋት አይመቻቸውም። ስለዚህ ፊልተሩ ቢለሰልስም ምርጫው አይጠፋም።

ሌላው መንገድ ማረፊያዎቹን መቁጠር ነው። ኤንኤኬ የሚባል የባክቴሪያ ቻናል አለ። የፖታሲየም ቻናልን ይመስላል፤ ነገር ግን ከአራቱ ማረፊያዎች ሁለቱ ብቻ ናቸው ያሉት። ሁለቱንም አዮኖች ያለ ልዩነት ያሳልፋል። በዳላስ የዩሲንግ ጂያንግ ቡድን ይህን ቻናል ለውጦ ሦስት ማረፊያ ሰጠው። አሁንም አልመረጠም። አራት ሲሞላለት ፖታሲየምን መረጠ። ውጤቱ የወጣው በ2011 ነው። የጽሑፉ ቀዳሚ ደራሲ ስም ላይ «ደረበ» የሚለውን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ከዚህ የምንረዳው፣ አራት ማረፊያ በተርታ መኖሩ ራሱ የምርጫው አካል መሆኑን ነው። እንግዲህ ለተማሪዋ «ኦክስጅኖቹ በፖታሲየም ልክ የቆሙ ናቸው» ቢሏት አልዋሿትም። «ንቅንቅ አይሉም» ብቻ አይበሏት።

አሁን ሌላ እንቆቅልሽ አለ፤ እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ይገርመኛል። ፊልተሩ ፖታሲየምን እንዲህ ተመችቶት ከያዘው ለምን ይለቀዋል? ጥሩ ማረፊያ ያገኘ ሰው መቼ ይነሳል? ፖታሲየም ግን በአንድ ክፍት ቻናል ውስጥ በሰከንድ እስከ መቶ ሚሊዮን ያልፋል። ለአንዱ አዮን አሥር ናኖሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። መልሱ ያዙልኝ ያልኩዎት የሆጅኪንና የኬይንስ ነገር ላይ አለ። ፊልተሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ፖታሲየም አለ። ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው፤ በጣም ተቀራርበዋል፤ ይገፋፋሉ። ከኋላ ሌላ ሲጨመር የፊተኛው ይወጣል። ኦክስጅኖቹ የሳቡትን ጓደኛው ይገፋዋል። ስበቱና ግፊቱ ስለሚቻቻሉ አዮኑ የትም አይጣበቅም። በአዮኖቹ መካከል ውሃ ጣልቃ ገብቶ ይሄዳል ወይስ አዮኖቹ ተጠጋግተው ይሰለፋሉ የሚለው ዛሬም ያከራክራል።

ተማሪዎች የሚስቱት ሌላ ነገር አለ። ቻናል አይገፋም። ኃይልም አያወጣም። መንገድ ብቻ ነው። አዮኑ የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚወስኑት በሁለቱ ወገን ያለው የክምችት ልዩነትና ቮልቴጁ ናቸው። በሴል ውስጥ ያለው ፖታሲየም 140 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ ውጭ 4 ወይም 5። ሶዲየም በተቃራኒው ውጭ 145 ገደማ፣ ውስጥ ከ10 እስከ 15። ይህን ልዩነት የሚፈጥረው የንስ ስኮ በ1957 ያገኘው የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ነው። አንድ ኤቲፒ (ለሴሉ ኃይል የሚሰጠው ሞለኪውል) ባጠፋ ቁጥር ሦስት ሶዲየም ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። በሰከንድ ቢበዛ ጥቂት መቶ ዙር ነው የሚሠራው። ፓምፑ ቀስ ብሎ ያጠራቅማል፤ ቻናሉ በቅጽበት ያፈሳል።

ለሰሌዳ የሚሆን ስሌት ልስጥዎት። 20 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ክብ ሴል ቮልቴጁን በ100 ሚሊቮልት ለመለወጥ ስንት ፖታሲየም ማውጣት አለበት? የሽፋኑን ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) በካሬ ሴንቲሜትር አንድ ማይክሮፋራድ ይውሰዱ። ስምንት ሚሊዮን ገደማ ይመጣልዎታል። በሴሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በሙሉ ደግሞ 350 ቢሊዮን ያህል ነው። ከ40 ሺህ አንዱ እንኳ አልወጣም! ቮልቴጁ ተገለባብጦ ክምችቱ ግን አልተነካም። «ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ ቦታ ይለዋወጣሉ» የሚለውን አባባል ይህ ስሌት ያስተካክለዋል። ከፊዚክሱ መምህር ጋር አብራችሁ ብትሠሩት ደግሞ ያምራል።

ሽፋኑን የሚያሻግር ሁሉ ቻናል አለመሆኑን ለማሳየት ኮሌራን ይጥቀሱ፤ እኛ አገር ተማሪው የማያውቀው አይደለም። የኮሌራ መርዝ በአንጀት ሴሎች ላይ ሲኤፍቲአር የሚባለውን የክሎራይድ ቻናል ክፍት አድርጎ ያስቀረዋል። ክሎራይድ ወደ አንጀት ይፈስሳል፤ ሶዲየምና ውሃ ይከተሉታል። በሽተኛው በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። ኦአርኤስ የሚያድነው ቻናሉን ዘግቶ አይደለም። በዚያው አንጀት ላይ መርዙ ያልነካው ሌላ ፕሮቲን አለ። ይህ ተሸካሚ ነው፤ ሶዲየምን ከግሉኮስ ጋር አብሮ ካላገኘ አያስገባም። የኦአርኤሱ ስኳር ለጣዕም የገባ አይደለም። ሶዲየሙ የሚገባበት መንገድ ነው፤ ውሃውም ሶዲየሙን ተከትሎ ይገባል።

ቻናሎች ሁልጊዜ ክፍት አይደሉም። መክፈቻቸው ይለያያል። አንዳንዱ በቮልቴጅ ይከፈታል። በሽፋኑ ሁለት ወገን መካከል ያለችው ሰባ ሚሊቮልት ምን አላት እንዳይሉ፤ ሽፋኑ በጠቅላላው 5 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ በሴንቲሜትር 140 ሺህ ቮልት ማለት ነው። አየር እንኳ በሴንቲሜትር 30 ሺህ ገደማ ሲደርስ ብልጭታ ይፈጥራል። በዚህ ጉልበት ቻርጅ ያለው የፕሮቲኑ ክፍል ቢንቀሳቀስ አይገርምም። ሌላው በኬሚካል ይከፈታል፣ ሌላው በመለጠጥ፣ ሌላው በሙቀት። ቲአርፒቪ1 የሚባለው ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ይከፈታል። በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲንም ይከፍተዋል። ክትፎ ላይ ሚጥሚጣ ሲበዛ አፋችን «ተቃጠልኩ» የሚለው ለዚህ ነው። ለነርቩ ያው ነው፤ አዮን ገባ አልገባ ነው የሚያውቀው። ዴቪድ ጁሊየስ ለዚህ ግኝቱ፣ የመለጠጥ ቻናሎችን ካገኘው ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር በ2021 ኖቤል አግኝቷል።

ቻርጅና ሽፋን እንደማይስማሙ የሚያሳይ አንድ የሕክምና ምሳሌ ልጨምር። ጥርስ ሲነቀል የሚወጉን ሊዶካይን የሶዲየም ቻናልን ይደፍናል። የሚደፍነው ግን ከሴሉ ውስጥ ሆኖ ነው። እንዴት ገባ? ሊዶካይን ሁለት መልክ አለው፤ ቻርጅ ያለውና የሌለው። የሌለው ቅባቱን አቋርጦ ይገባል። ከገባ በኋላ ከፊሉ ቻርጅ ይይዝና ቻናሉ ውስጥ ይቀመጣል። ድድ መግል ሲይዝ ግን አካባቢው አሲዳማ ይሆናል። አሲድ ሲበዛ ቻርጅ ያለው ይበዛል፤ ቻርጅ ያለው ደግሞ አይገባም። ጥርስዎ ቆስሎ ሳለ ማደንዘዣው አልይዝ ብሎዎት ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ2007 ተመራማሪዎች ይህን ተንኮል በሞላበት መንገድ ተጠቀሙበት። ኪውኤክስ-314 የሚባል፣ ሁልጊዜ ቻርጅ ያለው የሊዶካይን ዘመድ አለ። ከውጭ ቢሰጥ ብዙም አይሠራም፤ መግባት አይችልማ። ካፕሳይሲን ጨምረው በአይጥ ላይ ሞከሩት። ካፕሳይሲኑ ቲአርፒቪ1ን ከፈተ፤ መድኃኒቱ በዚያ በር ገባ። ያ ቻናል ያላቸው በዋናነት የሕመም ነርቮች ናቸው። አይጦቹ ሕመሙ ደነዘዘላቸው፤ እግራቸው ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም።

ተማሪዋ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ የምትጠይቅዎትን አውቃለሁ። «እሺ፣ የሶዲየም ቻናልስ ፖታሲየምን እንዴት ያስቀራል?» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አያስቀርም። የነርቭ ሶዲየም ቻናል መራጭ ቦታ ሰፋ ያለ ነው፤ 0.3 በ0.5 ናኖሜትር ገደማ። ሶዲየም ከውሃው ጥቂቱን ይዞ ያልፋል። ፖታሲየምም ያልፋል፤ በአሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ያነሰ። ይህን ከ10 ሺህ ጋር ያነጻጽሩት።

ወንፊቱን ጨርሶ ከክፍል ማስወጣት ከፈለጉ ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ይጻፉ። የካልሲየም ራዲየስ 0.099 ናኖሜትር ነው። ከሶዲየም ጋር ምንም ያህል አይለያዩም። ከሴሉ ውጭ ያለው ሶዲየም ደግሞ ከካልሲየሙ መቶ እጥፍ ያህል ይበልጣል። የልብ የካልሲየም ቻናል ግን ካልሲየምን ነው የሚያሳልፈው። እዚያ ግሉታሜት የሚባሉ፣ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው አራት አሚኖ አሲዶች ተሰብስበዋል። ሁለት ፖዘቲቭ ያለውን ካልሲየም ጠበቅ አድርገው ይይዙታል፤ እሱ እዚያ እስካለ ሶዲየም አይገባም። ሌላ ካልሲየም ሲመጣ የመጀመሪያው ተገፍቶ ያልፋል። ካልሲየሙን ሙሉ በሙሉ ቢያስወግዱት ያው ቻናል ሶዲየምን እንደ ጉድ ያሳልፋል። ቀዳዳው ድሮም ይበቃው ነበር። ለመዝጋት አንድ ማይክሮሞላር ያህል ካልሲየም ይበቃል። በደማችን ውስጥ ነፃ የሆነው ካልሲየም ከዚያ ከሺህ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ይህ ነገር የሚታየው ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ ነው።